መብራት ወይስ ሲሊንደር? የማብሰያ ወጪያችንን አብረን እናስላ

በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በቁጠባና ብድር ኮሚቴ ስም የቀረበ ንግግር



ባለፈው ስብሰባችን ላይ አንድ ጥያቄ ተነሥቶ ሳይቋጭ አድሯል። ለአባላት የማብሰያ ዕቃ መግዣ የሚሆን ገንዘብ ለማገዝ ፈቃደኛ የሆኑ ወዳጆች ተገኝተዋል። ከመካከላችን ግማሹ «ሲሊንደር ይገዛልን፣ መብራት ሲጠፋ ልጆቻችን ጦማቸውን እያደሩ ነው» አለ። ግማሹ ደግሞ «የኤሌክትሪክ ምጣድና ስቶቭ ይሻላል፣ ሲሊንደሩ ሲያልቅ ማን ይሞላልናል?» አለ። የሁለቱም ወገን ስሜት እውነት አለው። ነገር ግን ዕቃው አንድ ጊዜ ይገዛል፣ ወጪው በየወሩ ይመጣል። በስጦታ የመጣ ዕቃ የወር ወጪውን መሸከም ያቃተው ቤት ውስጥ አቧራ ይጠጣል። ስለዚህ ኮሚቴው ሒሳቡን እንዲሠራ ታዘዘ፤ ዛሬ የምናቀርብላችሁ ያንን ነው። ሒሳቡ ከባድ አይደለም። ሽንኩርትና ቡና በኪሎ ስንገዛና ስንሸጥ የኖርን ሴቶች ነን፤ መብራትና ጋዝንም በሚዛን ማስቀመጥ አያቅተንም።

አስቀድመን በቃሉ እንስማማ። በብዙዎቻችን ቤት «ጋዝ» ሲባል ወደ ሐሳባችን የሚመጣው ነጭ ጋዝ ወይም ላምባ ነው። ዛሬ «ጋዝ» የምንለው ግን በብረት ሲሊንደር ተሞልቶ የሚሸጠውን ነው። እሱ የሚሸጠው በኪሎ ነው። መብራት ደግሞ የሚሸጠው በኪሎዋት ሰዓት ነው። አንድ ሺህ ዋት የሚወስድ ዕቃ ለአንድ ሰዓት ቢሠራ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ይቆጥራል። ከዕቃው ጀርባ ወይም ሥር የተለጠፈውን ቁጥር ተመልከቱ፤ 1500 ዋት የሚል ስቶቭ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሦስት ኪሎዋት ሰዓት ይበላል ማለት ነው።

አሁን ሁለቱን እናገናኛቸው። አንድ ኪሎ የሲሊንደር ጋዝ ሲነድ ወደ 13 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠጋ ሙቀት ይሰጣል። ያ ሁሉ ግን ድስቱ ውስጥ አይገባም። ነበልባሉ በድስቱ ጎንና ጎን እየወጣ ወጥ ቤቱን ያሞቃል፤ ወጡ የሚያገኘው ግማሹን ያህል ነው። የኤሌክትሪክ ስቶቭ ድስቱ በላዩ ስለሚቀመጥ ከሙቀቱ አሥር እጅ ሰባቱን ያህል ለድስቱ ያደርሳል። ይህን ስናሰላው አንድ ኪሎ ጋዝ የሚሠራውን ሥራ ለመሥራት ስቶቩ ዘጠኝ ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ኢንዳክሽን የሚባለው፣ ብረት ድስት ብቻ የሚያሞቀው አዲሱ ዓይነት፣ ብክነቱ ከዚያም ስለሚያንስ ከስምንት በታች ይበቃዋል።

እኅቶቻችን፣ ከዛሬው ንግግር አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይህቺን «ዘጠኝ» ያዙ። ዋጋ በየጊዜው ይለዋወጣል፤ የዛሬውን ዋጋ ብንነግራችሁ ጋዜጣችን ታትሞ እጃችሁ እስኪገባ ያረጃል። ዘጠኝ ግን አያረጅም።

አጠቃቀሙ እንዲህ ነው። የመብራት ደረሰኛችሁን አውጡ። በወሩ የከፈላችሁትን ብር በወሩ በቆጠራችሁት ኪሎዋት ሰዓት አካፍሉት። የሚወጣው የአንዷ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ነው። እሱን በዘጠኝ አባዙት። ከዚያ የአንድ ኪሎ ጋዝ ዋጋ ጠይቁ። የመብራቱ ከጋዙ ካነሰ መብራት ይረክሳል፤ ከበለጠ ጋዝ ይረክሳል።

ምሳሌ እንውሰድ። አንዲት እናት በወሩ 120 ኪሎዋት ሰዓት ቆጥራ 240 ብር ከፈለች እንበል። አንዷ ሁለት ብር ወጣች ማለት ነው። ሁለት በዘጠኝ ሲባዛ 18 ብር። እንግዲህ በ18 ብር አንድ ኪሎ ጋዝ የሚሞላላት ሰው አለ? የለም። ለዚህች እናት መብራት በእጅጉ ይረክሳል። ጋዙ በኪሎ 90 ብር ቢሆን እንኳ፣ መብራት ከጋዝ ጋር እኩል የሚሆነው አንዷ ኪሎዋት ሰዓት 10 ብር ስትደርስ ነው።

አንድ ሲሊንደር 12 ኪሎ ተኩል ቢይዝ፣ በዘጠኝ ስናባዛው 112 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሥራ ይሠራል። ቀን በቀን ሁለት ሰዓት ለሚሠራ ባለ 1500 ዋት ስቶቭ ይህ የአንድ ወር ከሳምንት ሥራ ነው። ሲሊንደሩን የምታስሞሉበትን ብር በአንድ ወገን፣ 112 ኪሎዋት ሰዓት በእናንተ ቆጣሪ ስንት እንደሚያስከፍል በሌላ ወገን አስቀምጡትና ፍርዱን ራሳችሁ ስጡ።

«እኛ ግን የምናበስለው በከሰል ነው» የሚሉ አባላት ብዙ ናቸው። ሒሳቡ ለከሰልም ይሠራል። በከሰል ምድጃ ላይ ከሙቀቱ ድስቱ የሚያገኘው ከአራት ወይም ከአምስት እጅ አንዱን ብቻ ነው። ስለዚህ የአንድ ኪሎ ከሰል ሥራ በኤሌክትሪክ ስቶቭ ሁለት ኪሎዋት ሰዓት ተኩል ያህል ነው። ከላይ በጠቀስነው ዋጋ አምስት ብር መሆኑ ነው። በአምስት ብር አንድ ኪሎ ከሰል የሚገኝበት ገበያ አናውቅም። ከሰል የሚረክስ የሚመስለን በጣሳና በትንሽ በትንሹ ስለምንገዛው ነው። በየቀኑ ከቀሚሳችን ኪስ የምትወጣዋ ትንሽ ብር አትታየንም፤ በወር አንዴ የሚመጣው የመብራት ደረሰኝ ግን ያስደነግጠናል። እስቲ አንድ ወር ሙሉ ለከሰል የምታወጡትን በደብተር ላይ ጻፉት። ደብተሩ የሚነግራችሁን እኛ ከምንነግራችሁ ይበልጥ ታምኑታላችሁ።

ስለ ማገዶ ደግሞ «እንጨት ነፃ ነው» ይባላል። በሦስት ጉልቻ ላይ ከሚነደው እሳት ከአሥር እጅ አንዱ ወይም ከዚያ ትንሽ የሚበልጥ ነው ለምግቡ የሚደርሰው። የቀረው ጭስ ሆኖ ዓይናችንንና ደረታችንን ይበላል። የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ በሚፈጠር ጭስና የተበከለ አየር ሳቢያ በ2020 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች እንደሞቱ ይገምታል። በእኛ አገር ዝናቡ ረጅም ነው፤ እርጥብ እንጨት የበለጠ ይጨሳል። በብርድ ወቅት በር ዘግቶ ከሰል ማጋምም ሽታ የሌለው መርዝ እንደሚያመነጭና ተኝተው የቀሩ ሰዎች እንዳሉ ሁላችንም ሰምተናል። እንጨት ለመልቀም የሚሄደው ግማሽ ቀንም ዋጋ አለው። በዚያ ግማሽ ቀን ቆጮ ተፍቆ፣ ቡና ተለቅሞ፣ ልጅ ትምህርቷን ተከታትላ ታድር ነበር።

እንግዲህ በዕለት ወጪ ብቻ ከሄድን መልሱ ግልጽ ነው፦ መብራት ከጋዝም ከከሰልም ይረክሳል። ታዲያ ለምን ሁላችንም በመብራት አናበስልም? የኮሚቴው እውነተኛ ሥራ የተጀመረው እዚህ ጥያቄ ላይ ነው። ሦስት እንቅፋቶች አገኘን።

የመጀመሪያው የጋራ ቆጣሪ ነው። የመብራት ታሪፍ እንደ ጨው አንድ ዋጋ የለውም። በእርከን የተከፋፈለ ነው፤ ብዙ የተጠቀመ በውድ ዋጋ ይከፍላል። ነገሩን በቁጥር ለማየት በ2011 ዓ.ም. ተጀምሮ በአራት ዓመት ውስጥ ደረጃ በደረጃ የተተገበረውን ታሪፍ እንውሰድ። በመጨረሻው ደረጃ ላይ ለመኖሪያ ቤት እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ያለው አንዱ በ0.273 ብር ነበር። ከ51 እስከ 100 ያለው 0.767 ብር፣ ከ101 እስከ 200 ያለው 1.625 ብር፣ ከ500 በላይ ያለው ደግሞ 2.481 ብር ነበር። ከታችኛው እስከ ላይኛው ዘጠኝ እጥፍ ልዩነት ነው። እርከኑ የተሠራው አቅም ያነሰው ቤተሰብ በርካሽ እንዲጠቀም ታስቦ ነው።

አሁን በአንድ ግቢ ውስጥ የሚኖሩ አራት ቤተሰቦችን አስቡ። እያንዳንዳቸው በወር 50 ኪሎዋት ሰዓት ይጠቀማሉ። የየራሳቸው ቆጣሪ ቢኖራቸው በዚያ ታሪፍ እያንዳንዳቸው 13 ብር ከ65 ሳንቲም ይከፍሉ ነበር፤ የአገልግሎት ክፍያውን ሳንጨምር ነው። አራቱ በአንድ ቆጣሪ ከሆኑ ግን ቆጣሪው 200 ይላል። የየእርከኑን ዋጋ ለየብቻ ብናሰላው እንኳ 214 ብር ከ50 ሳንቲም ይመጣል፤ ለአራት ሲካፈል ለእያንዳንዷ 53 ብር ከ60 ሳንቲም ያህል። ያው አምፖል፣ ያው ስቶቭ፣ ያው ኪሎዋት ሰዓት፣ ዋጋው ግን አራት እጥፍ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው። ለድኻ ታስቦ የተቀመጠው ርካሽ እርከን ከድኻዋ ተከራይ እጅ የሚያመልጠው በዚህ መንገድ ነው።

ከአባሎቻችን ብዙዎቹ ተከራዮች ናቸው። አንዳንዶቹ ከዚያም የባሰ ነገር ይገጥማቸዋል፤ አከራይዋ «ምጣድ መሰካት ክልክል ነው» ትላለች፤ ወይም ደረሰኝ ሳታሳይ «የዚህ ወር ይህን ያህል ነው» ብላ ትቆርጣለች። አከራዮችን ለመውቀስ አይደለም፤ እነሱም በጋራ ቆጣሪ ላይ ማን ምን ያህል እንደበላ አያውቁም፣ ሒሳቡ ሲያስደነግጣቸው በር ይዘጋሉ። መፍትሔው ጠብ ሳይሆን ቆጣሪ ነው። አከራይ ከተስማማች የራስ ቆጣሪ ማስገባት ይቀድማል። እሱ ካልሆነ ለየቤቱ የውስጥ መቁጠሪያ ቢተከል እርከኑን ባያወርድም አከፋፈሉን ፍትሐዊ ያደርገዋል፤ አምፖል ብቻ የምታበራዋ አሮጊት ምጣድ ለሚሰካው ቤት አትከፍልም።

ታሪፉ ከዚያ ወዲህም ተለውጧል። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በአራት ዓመት ውስጥ በየሦስት ወሩ ከፍ እያለ የሚሄድ አዲስ ታሪፍ ሥራ ላይ ውሏል። ይህን መደበቅ አንፈልግም፤ ዛሬ ምጣድ ለምትገዛ አባል የነገውም ሒሳብ ሊነገራት ይገባል። ዋጋው ከፍ ሲል የእርከኑ ጉዳይ የበለጠ ይከብዳል እንጂ አይቀልም። ስለዚህ የራስ ቆጣሪ ማግኘት ከሁሉ ይቀድማል። ደግሞ ጋዙም ባለበት አይቆምም። የምንጠቀመው የሲሊንደር ጋዝ ከውጭ አገር በዶላር ተገዝቶ፣ በጅቡቲ ወደብ ገብቶ፣ አዲስ አበባ ደርሶ፣ ከዚያ በጅማ በኩል ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጭኖ ነው ቦንጋ የሚደርሰው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከውጭ የሚመጣ ነገር ሁሉ እንዴት እንደጨመረ ገበያ የምትወጣ ሴት ታውቀዋለች። በየሦስት ወሩ ደረሰኛችሁን እያወጣችሁ በዘጠኝ አባዙ፤ ሚዛኑ የዞረ ቀን ቀድማችሁ ታውቃላችሁ።

ሁለተኛው እንቅፋት የመብራት መጥፋት ነው። አገራችን ዝናብና ዛፍ የበዛባት ናት፤ ነፋስና ዝናብ ሲበረታ ዛፍ በመስመር ላይ ይወድቃል፣ መስመሩ እስኪጠገን ጨለማ ነው። ሲሊንደር የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ነገር ግን ለማን? ምግብ ቤት ያላት፣ ሻይና ዳቦ የምትሸጥ አባላችን መብራት በጠፋ ቁጥር ደንበኛ ትከስራለች። ለእሷ ጋዝ ውድ ቢሆንም ሥራዋን ያድንላታል፤ በየቀኑ የምታበስልበት ሳይሆን ለክፉ ቀን የምታስቀምጠው ነው። ለቤት ብቻ የምታበስል እናት ግን በዓመት ጥቂት ቀናት ለሚገጥማት ጭንቅ በየወሩ ውድ ነዳጅ መግዛት አይገባትም። የቤተሰብ ከሰል ምድጃዋን በደረቅ ቦታ ታስቀምጥ፤ ያው ይበቃታል።

ሲሊንደር ለምትይዙ አባላት ሦስት ነገር አደራ እንላለን። አንደኛ፣ ባዶው ሲሊንደር የሚመዝነው ክብደት በብረቱ ላይ ተቀርጿል። ስታስሞሉ ይመዘንላችሁ፤ ከሚመጣው ክብደት የባዶውን ቀንሱ፤ የከፈላችሁበት ኪሎ መሙላቱን በዓይናችሁ እዩ። ሚዛን የሚሸሽ ሻጭ ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ። ሁለተኛ፣ ጎማውና መዝጊያው ጋዝ ማፍሰስ አለማፍሰሱን በሳሙና አረፋ ፈትሹ፤ አረፋ ከፈላ ያፈሳል ማለት ነው። በክብሪት ፈጽሞ አትፈትሹ። ሦስተኛ፣ ይህ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ነው የሚተኛው። ሽታ ከመጣ እሳት አትለኩሱ፣ መብራት አታብሩ አታጥፉም፤ በርና መስኮት ከፍታችሁ ልጆቹን ይዛችሁ ውጡ።

ሦስተኛው እንቅፋት የእንጀራ ምጣድ ነው። ወጥና ሻይ በጋዝም በመብራትም ይሆናል። እንጀራና ቆጮ ግን ሰፊ ምጣድ ይፈልጋሉ፤ በአብዛኞቻችን ቤት ያለው የጋዝ ምድጃ ለዚያ አልተሠራም። ሲሊንደር የተሰጣት እናት ወጧን በጋዝ ሠርታ እንጀራዋን ተመልሳ በእንጨት ትጋግራለች። ከቤታችን እሳት ብዙውን የሚበላው ደግሞ ይኸው ምጣድ ነው። ስለዚህ ጋዝ ገዝተን የማገዶውን ትልቁን ሸክም ሳንነካው እንቀራለን። ቆጥ አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብን።

የኤሌክትሪክ ምጣድ 3500 ዋት ያህል ይወስዳል። ለአንድ ሰዓት ተኩል ቢጋገርበት አምስት ኪሎዋት ሰዓት ከሩብ፤ በሳምንት ሁለት ጊዜ ከሆነ በወር ወደ 45 ይደርሳል። ወጪውን መቀነስ የሚቻለው በአጠቃቀም ነው። ምጣዱ እስኪግል 12 ደቂቃ ቢፈጅ ሊጥ ሳይነካው 0.7 ኪሎዋት ሰዓት በላ። ሦስት ጎረቤታሞች በተለያየ ቀን ሲጋግሩ ሦስት ጊዜ ያግላሉ፤ ተራ ይዘው በአንድ ቀን ተከታትለው ቢጋግሩ አንዴ ብቻ ያግላሉ። በዚያ ላይ ሦስት ምጣድ መግዛት ቀርቶ አንድ ይበቃል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የተባለው ለዚህ ነው።

የመጋገሪያውን ሰዓትም ምረጡ። ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ሁሉም ቤት ስለሚያበስል ኃይሉ ይደክማል። 220 ቮልት መሆን የሚገባው ወደ 180 ቢወርድ የምጣዱ ሙቀት ወደ ሁለት ሦስተኛ ይወርዳል፤ እንጀራው ዓይን አያወጣም፣ ሰዓቱም ይረዝማል። ጠዋት ማለዳ ወይም እኩለ ቀን ይሻላል።

ስለ ሽቦው ደግሞ አጥብቀን እንናገራለን። እንዲህ ያለ ምጣድ 16 አምፔር ያህል ይስባል። ለአምፖል በተዘረጋ ቀጭን ገመድና በማከፋፈያ ሶኬት ላይ ምጣድ መሰካት ቤትን ለእሳት መስጠት ነው። ምጣዱ የራሱ ወፍራም መስመርና የራሱ ብሬከር ያስፈልገዋል፤ ሥራውም የባለሙያ ነው። ሶኬቱ ከሞቀ ወይም የተቃጠለ ጎማ ከሸተተ ወዲያው ይነቀል። ምጣድ ሰጥተን ሽቦውን ከረሳን ስጦታችን አደጋ ነው።

ትናንሽ ቁጠባዎችም ተደምረው ትልቅ ይሆናሉ። ባቄላ፣ አተርና ሽምብራ ሌሊቱን ይዘፍዘፍ፤ ድስቱ ይከደን፤ የድስቱ ቂጥ ጠፍጣፋና ከስቶቩ ክብ ጋር እኩል ይሁን፤ ስቶቩ ከመውጣቱ በፊት አምስት ደቂቃ ቀድሞ ይጥፋ፣ በግለቱ ይጨርሳል። አንድ ሊትር ውሃ በኤሌክትሪክ ማፍያ ለማፍላት 0.1 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይበቃል፤ ጠዋት አፍልቶ በፔርሙዝ ማስቀመጥ ቀኑን ሙሉ ከሰል ከማጋም ያድናል። የጀበና ቡናችንን ግን በከሰል አታፍሉ አንልም። የቡና አገር ሰዎች ነን፤ ለእሱ የምትሆን ጥቂት ፍም ማንንም አታከስርም።

እኅቶቻችን፣ ጉዳዩ ከኪሳችን ያልፋል። የካፋ ጫካ በዩኔስኮ የሕይወት ክልል ተብሎ በዓለም ዝርዝር የተመዘገበው በ2002 ዓ.ም. ነው፤ የጫካ ቡናችን ቤቱ እዚያ ነው። በባሕላዊ መንገድ አንድ ኪሎ ከሰል ለማግኘት አምስት ኪሎና ከዚያ በላይ እንጨት ይቃጠላል። ከዚህ ጫካ የሚወጣው ውሃ ወንዝ ለወንዝ እየተቀባበለ ወደ ጎጀብ ይገባል፣ ጎጀብም ኦሞን ይቀላቀላል። በኦሞ ላይ ደግሞ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ጊቤ 3 ቆሟል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ታላቁ የሕዳሴ ግድብም ተመርቋል። የአገራችን መብራት ከሞላ ጎደል ከውሃ የሚመጣ ነው። ጫካችንን ለማገዶ ስንቆርጥ መብራት የሚሰጠንን ውሃም እያደረቅን ነው፤ በመብራት ስናበስል ደግሞ ውሃውን የሚጠብቀውን ጫካ እናሳርፋለን።

ይህን ስንል እንጨትና ከሰል ተሸክመው ገበያ የሚያወጡ እኅቶቻችንን አንረሳም። ሸክሙን የሚመርጡት ሌላ መተዳደሪያ ስላጡ ነው። ከተማው ወደ መብራት ሲዞር እነሱ ባዶ እጃቸውን እንዳይቀሩ፣ የማኅበራችን የማር፣ የቅመምና የንግድ ብድር በቅድሚያ ለእነሱ ክፍት እንዲሆን እንጠይቃለን። መስመር ያልደረሰላቸው የገጠር አባላትም አሉ። ለእነሱ ስለ ስቶቭ ማውራት ዋዛ ነው፤ ለእነሱ የሚሆነው ምርጥ የሚባለው የተሻሻለ የምጣድ ምድጃ ነው። ከሦስት ጉልቻ አንጻር ማገዶውን ወደ ግማሽ ያህል ይቀንሳል፤ በሲሚንቶና በአሸዋም ስለሚሠራ እዚሁ አባላት ሠርተው ሊሸጡት ይችላሉ።

ስለዚህ ኮሚቴው ለድምፅ የሚያቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። የሚገኘው ገንዘብ በመጀመሪያ በጋራ ቆጣሪ ለሚቸገሩ አባላት የራስ ቆጣሪ ማስገቢያና የሽቦ ሥራ በብድር ይዋል። ቀጥሎ ለሦስት ለሦስት ጎረቤታሞች አንድ አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ይገዛ፤ ክፍያውም በእቁብ ተራ ይመለስ። የገጠር አባላት የተሻሻለውን ምድጃ ያግኙ። ሲሊንደር ምግብና ሻይ ሸጠው ለሚተዳደሩና መብራት ሲጠፋ ሥራቸው ለሚቆም አባላት ብቻ ይሰጥ፤ እነሱም ከመውሰዳቸው በፊት የወር ሒሳባቸውን ከኮሚቴው ጋር ይሥሩ።

ለጋሾቻችን ሆይ፣ ሲሊንደርና ምድጃ በፎቶግራፍ ላይ እንደሚያምር እናውቃለን። በግድግዳ ላይ የተሰቀለ ቆጣሪና በቱቦ ውስጥ የተደበቀ ሽቦ ለፎቶ አይመችም። ነገር ግን ለአንዲት ተከራይ እናት በየወሩ ሳይቋረጥ ገንዘብ የሚያስቀርላት እሱ ነው። ስጦታችሁን ከዕቃው በፊት በዚያ ላይ ብታውሉልን፣ ዕቃውን ራሳችን ቆጥበን እንገዛዋለን።

አባላት ደግሞ ለሚቀጥለው ስብሰባ ሦስት የመብራት ደረሰኝና የአንድ ወር የከሰል ወጪ የተጻፈበት ደብተር ይዛችሁ ኑ። ማንበብ ያልቻለች በልጇ ታስጽፍ፤ ደረሰኝ የማይሰጣት ተከራይም ለአከራይዋ የከፈለችውን ታምጣ። በዚያ ቀን እያንዳንዳችን የየራሳችንን ቁጥር በዘጠኝ አባዝተን፣ የማን ቤት ቆጣሪ ቀድሞ መግባት እንዳለበት ስም እየጠራን እንወስናለን።